«እዚህ ማን ያውቅሻል?»



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ነገር ከአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተነሣ ቢሆንም ዞሮ ዞሮ የገባው ወደ ቤታችን ነው። ነገሩም አንድ አጭር ጥያቄ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በአንድ ኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ለመምህርነት ልትወዳደር የቀረበችውን ልጃችንን «እዚህ ማን ያውቅሻል?» ብለው ጠየቋት። ልጃችን ይህችን ጥያቄ ይዛት መጣች፤ እኛም ብዙ ጊዜ ስንመረምራት ቆየን። ስንመረምራትም በደለኞቹ የኮሌጁ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ እኛም ራሳችን ከበደሉ ውስጥ ስለ ተገኘን፣ ነገሩን ከነጉድፉ ልናወጋችሁ ወደድን።

የኮሌጁን ስም አንጠራም፤ ያለበትንም ከተማ አንናገርም። ከቤታችን የሁለት ቀን መንገድ ነው ማለት ይበቃል። ስም መጥራት ቂም ያተርፋል እንጂ ትምህርት አያተርፍም። ደግሞም ነገሩ በዚያ ኮሌጅ ብቻ የሚደረግ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ባላነሣነው ነበር።

ቤታችን በደጋን ነው። ደጋን በቃሉ ወረዳ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ የሚወርደው ሰው በደጃችን ያልፋል። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ እኛ ክርስቲያኖቹ ጥቂቶች ነን። ነገር ግን እንደ ወሎ ልማድ በሠርግም በኀዘንም በቡናም ተለያይተን አናውቅም። ልጃችን በዚሁ አገር ፊደል ቆጥራ፣ በኮምቦልቻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ከዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ትምህርት ተመረቀች። ከዚያም ተመልሳ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት አስተማረች። በእነዚያም ዓመታት ክረምት ክረምት ወደ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሰች ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ሌሎች ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመጡ እርሷ ደብተርዋን ይዛ ስትሄድ ያየ ጎረቤት ሁሉ «ይህች ልጅ አንድ ቀን የኮሌጅ መምህር ትሆናለች» ይላት ነበር።

የቅጥሩ ማስታወቂያ በወጣ ጊዜም ተፈላጊው ችሎታ በእርሷ ልክ የተሰፋ ይመስል ነበር። በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በማስተማር ሥራ ልምድ፣ ደግሞም በኮሚቴው ፊት የሃያ ደቂቃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ማስተማር የሚችል ይል ነበር። ልጃችን ለዚህች ለሃያ ደቂቃ ሁለት ሳምንት ተዘጋጀች። የመረጠችውም ሊሚት የሚባለውን የሒሳብ ክፍል ነበር። ምሳሌዋን በእኛ ፊት ደጋግማ ስለ ተለማመደችው እኛም ሒሳብ የማናውቀው ሰዎች ይዘነዋል። «አንድ ሰው ከደጋን እስከ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ ግማሹን ሄደ እንበል። ቀጥሎም ከቀረው መንገድ ግማሹን፣ ከዚያም ከቀረው ደግሞ ግማሹን ቢሄድ፣ ወደ ኮምቦልቻ እየቀረበ ይሄዳል፤ የቀረውም መንገድ ከማናቸውም ርቀት ያነሰ ይሆናል» ትለን ነበር። እናቷም ቡና እየቆላች «ታዲያ መቼ ይደርሳል?» ስትላት፣ «እማዬ፣ ጥያቄው ይኸው ነው» ብላ ትስቅ ነበር።

እናቷ ዳቦ ቆሎ ሰነቀችላት፤ እኛም ለመሳፈሪያና ለማደሪያ የሚሆን ገንዘብ ሰጠናት። በማለዳ ተሳፍራ ኮምቦልቻ ደረሰች፤ ከኮምቦልቻም የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥታ ደሴ ገባች። ከደጋን ሙቀት ለወጣ ሰው በጦሳ ተራራ ሥር ያለው የደሴ ብርድ ከባድ ስለ ሆነ፣ ከዘመድ ቤት አድራ በነጋታው በአውቶቡስ መንገዷን ቀጠለች።

አሁን እንግዲህ የሆነውን ሁሉ እርሷ እንደ ነገረችን በተራ እናቀርባለን።

የቀጠሮው ሰዓት ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበረ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ተወዳዳሪዎቹ ሰባት ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዲቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አንዱም ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ የመጣ ነበረ። በኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ስለ ነበረ አንዱን ለነፍሰ ጡሪቱ፣ ሁለተኛውን ለመንገደኛው ሰጥተው የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ጸሐፊዋም «ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው» አለቻቸው። አራት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ «ከምሳ በኋላ ኑ» ተባሉ። የመጀመሪያው ሰው የተጠራው ስምንት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነበር።

ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው ከፊቱ ያለውን ሁሉ ማንበቡ አይቀርም። ልጃችንም በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የዚያን መንፈቀ ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል አነበበች። በማስታወቂያው ላይ አዲሱ መምህር ያስተምራቸዋል ተብለው የተጻፉት ሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች በድልድሉ ውስጥ ነበሩ። በአንጻራቸውም የአንድ ሰው ስም ታትሞ ነበር። በእጅ የተጨመረ ሳይሆን ከሌሎቹ መምህራን ስም ጋር አብሮ የታተመ ነው። ስሙም ከእርሷ ጋር ግድግዳ ተደግፎ ከቆሙት ከሰባቱ የአንዱ ነበር። እርሱም አነበበው፤ እርሷም ማንበቡን አየች። ከዚያ በኋላ ልጁ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

እናቷ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ያን ጊዜውኑ ለምን አልተመለስሽም?» አለቻት። ልጃችንም «የተዘጋጀሁትን ሳላስተምር መመለስ አልቻልሁም» አለች።

ተራዋ ደርሶ ስትገባ በማስታወቂያው አምስት የተባለው ኮሚቴ ሦስት ሰዎች ሆኖ ቆያት። አንደኛው በስልክ ይነጋገር ነበር፤ እስክትወጣም ድረስ ሁለት ጊዜ ደግሞ ተነጋገረ። የመምህርነት ማዕርግ ሊሰጧት የጠሯትን ሰው «እርስዎ» ያላት አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ «አንቺ» ነበረች። የትምህርት ማስረጃዋ በጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የገለጠው ግን አልነበረም።

«የየት አገር ልጅ ነሽ?» አሏት። «የደጋን» አለች። «ደጋን የት ነው?» አሏት፤ ነገረቻቸው። ከሦስቱ አንዱ «እዚያ ቆላ ውስጥ ሒሳብ ይማራሉ?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም «ባል አግብተሻል?» አሏት። አላገባሁም ብትል «ታዲያ ልታገቢ ነው፤ ከዚያም የወሊድ ፈቃድ ልትጠይቂን ነው» አሉ። ልጃችንም ያን ጊዜ በኮሪደሩ ተቀምጣ ተራዋን የምትጠብቀውን ነፍሰ ጡር ሴት አሰበች።

ከዚህም በኋላ «በይ አስተምሪ» ተባለች። ጠመኔ አንሥታ የደጋንንና የኮምቦልቻን መንገድ በሰሌዳው ላይ አሰመረች። ግማሹን አስረዳች፤ የግማሹን ግማሽ አስረዳች። ሦስተኛውን ልትጀምር ስትል «ገብቶናል፤ ይበቃል» አሏት። ሰዓቷን ብታይ አራት ደቂቃ ሆኗት ነበር።

በመጨረሻም ሊቀ መንበሩ ወደ ኋላው ተደግፎ «እዚህ ማን ያውቅሻል?» አላት። ልጃችንም ስለ ትምህርቷ የጠየቋት መስሏት ተደሰተች። የመመረቂያ ጽሑፏን ያሠሯትን ፕሮፌሰር ስም ጠራች፤ ስልካቸውንም ልትሰጥ ቦርሳዋን ከፈተች። ሦስቱም ሳቁ። «እርሳቸውን አይደለም፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ማን ያውቅሻል ማለታችን ነው» አሏት። «ማንም አያውቀኝም» አለች። «እንግዲያውስ እናስታውቅሻለን» ብለው አሰናበቷት።

አላስታወቋትም። በኅዳር ወር ራሷ ስልክ ብትደውል «ተሞልቷል» የሚል አንድ ቃል ብቻ መለሱላት። የነጥቡን ውጤት ብትጠይቅ «አይሰጥም» አሏት።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልንል እንወዳለን። ስሙ በሰሌዳው ላይ የታተመው ልጅ ችሎታ የሌለው ሰው ነው ብለን አንናገርም፤ ምናልባትም ከሰባቱ የሚበልጠው እርሱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በመካከላቸው ውድድር ስላልተደረገ ይህን ማወቅ የሚችል ሰው የለም፤ እርሱ ራሱም አያውቅም። ስድስቱን ከእንጀራ አስቀሩ፤ ሰባተኛውን ደግሞ «አሸንፌ ገባሁ» ከማለት አስቀሩት። ዓይኑን ከመሬት ያላነሣውም ስለዚህ ይመስለናል።

እስከዚህ ድረስ የነገርናችሁ የሌላ ሰው በደል ነው። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

ልጃችን ከተመለሰች በኋላ ቤታችን ለጥቂት ቀናት ኀዘን የገባበት ቤት መሰለ። በአራተኛውም ቀን እናቷ «እኛስ ሰው አጥተን ነው ወይ?» አለች። እውነትም ሰው አላጣንም ነበር። በልጅነቱ ክርስትና ያነሣነው የአንድ ወዳጃችን ልጅ ተምሮ፣ ትልቅ ማዕርግ ደርሶ፣ በሌላ ኮሌጅ ቃሉ የሚሰማ ሰው ሆኗል። ኮምቦልቻ ላይ ቤተ ዘመዶች አሉት፤ በዚያም ሳምንት ሊጠይቃቸው መጥቷል መባልን ሰምተን ነበር። እኛም አንድ ቆርቆሮ ነጭ ማር ገዛን። ነገሩን ለልጃችን አልነገርናትም፤ «የክርስትና ልጃችንን ልንጠይቀው ነው» አልን እንጂ። በማለዳ ማሩን በእጃችን ይዘን ከበር ስንወጣ ልጃችን ተከትላ ወጣች።

«አባዬ፣ ማሩ ለምንድን ነው?» አለች።

ዝም አልን። ሽማግሌ ሰው ሲዋሽ ለልጁ ቶሎ ይታወቃል።

«እኔ በዚህ መንገድ ብገባ፣» አለች፣ «በኮሪደሩ ቆማ የምትቀረዋ ማን ናት?»

ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ወደ ቤት ገባች። እኛም በመኪና ተሳፍረን ኮምቦልቻ ደረስን። ነገር ግን ከመኪናው እንደ ወረድን እግራችን ወደዚያ ቤት አልሄደም። በመናኸሪያው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ማሩን ከእግራችን ሥር አድርገን ብዙ ሰዓት ተቀመጥን። ከሃያ ዓመት በፊት የሆነ አንድ ነገር ትዝ ብሎን ነበርና።

በዚያን ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት እንሠራ ነበር። ለጸሐፊነት ሥራ ሁለት ሰዎች ሲወዳደሩ እኛ ከኮሚቴው አንዱ ነበርን። አንደኛው የማኅበር ጓደኛችን ልጅ ነበረ። ሁለተኛው ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ልብሱ ያረጀ፣ ጽሕፈቱ ግን እንደ ብራና ጽሕፈት የተዋበ ልጅ ነበረ። ፈተናም ጽፎ አንድ ስሕተት አልተገኘበትም። እኛም ወረቀቱን ካየን በኋላ «የማን ልጅ ነህ?» አልነው። የአባቱን ስም ነገረን። ከመካከላችን ያንን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁላችንም ዝም አልን። ልጁ ዝምታችንን ተመልክቶ፣ የጻፈውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ፣ አራት ላይ አጥፎ በኪሱ ከተተና ወጣ። እኛም በዚያ ቀን «ለወዳጃችን ደግ ሥራ ሠራን» ብለን ወደ ቤታችን ገባን፤ ለሃያ ዓመትም እንደ ደግ ሥራ ስንቆጥረው ኖርን።

ልጃችንን «እዚህ ማን ያውቅሻል?» ያላት ሰው እንግዲህ ባዕድ አልነበረም። እኛ ነበርን። ማሩን እንደ ያዝን ወደ ደጋን ተመለስን።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ሸኹ ከቡና ላይ ሳሉ ይህን ሁሉ ነገርናቸው። ሸኹ በልጅነታቸው በቃሉ ምድር በታወቀችው በገታ የቆዩ፣ ኪታብ የቀሩ ሰው ናቸው። የልጃችንን ነገር ሰምተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ጥያቄውስ መልካም ጥያቄ ነበር፤ የጠየቁት ሰዎች ትርጉሙን ረስተውት ነው እንጂ» አሉን። እንዲህም ብለው አስረዱን፦ «በእኛ ዘንድ አንድ ደረሳ ሊያስተምር ሲነሣ ማን ያውቅሃል ይባላል። የማን ዘመድ ነህ ማለት አይደለም። በየትኛው ሸኽ ፊት ቀራህ፣ ኢጃዛውን ማን ሰጠህ ማለት ነው። ሸኹም ኢጃዛ የሚሰጠው ኪታቡን በፊቱ ሲያስቀራው ነው። ልጅህ ፕሮፌሰሩን መጥራቷ ትክክል ነበር፤ የሳቁት ናቸው የተሳሳቱት።»

ይህን ስንሰማ በእኛም ቤት ያለው ትውፊት ትዝ አለን። ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ሲፈልግ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ይመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ምስክር የሚለው ቃል ራሱ የሚነግረን ይህንኑ ነው። መምህሩ የተማሪውን ዕውቀት በጆሮው ሰምቶ ይመሰክርለታል። በእኛው በወሎ ምድር በዋድላ በታወቀው የቅኔ ቤትም ተማሪው ቅኔውን የሚያቀርበው በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ነው። የባላባት ልጅም ይሁን በቁራሽ የሚማር የድኃ ልጅ፣ ቅኔው ከተበላሸ ይታረማል፤ ከሠመረም ይመሰገናል። ፈተናው በአደባባይ ነውና ያልሆነውን ሆነ ማለት ያስቸግራል።

እንግዲህ አባቶቻችን፣ በሁለቱም ወገን፣ «ማን ያውቅሃል?» ሲሉ «ዕውቀትህን ማን መረመረው?» ማለታቸው ነበር። እኛ ልጆቻቸው ግን ቃሉን ይዘን ትርጉሙን ለወጥነው። ምስክር የነበረው ዘመድ ሆነ። የኮሌጁ ሰዎች ልጃችን የጠራቻቸውን ፕሮፌሰር ቢጠይቋቸው ኖሮ አምስት ዓመት ስለ ተደከመበት ዕውቀት በሰሙ ነበር። ከዚህም ይልቅ ከአራት ደቂቃ በኋላ ያቋረጡትን ትምህርት እስከ ሃያ ደቂቃው ቢሰሙ ኖሮ ሌላ ምስክር ባላስፈለጋቸውም ነበር።

ይህ የአባቶች ወግ ብቻ አይደለም፤ የአገራችንም ሕግ ሲለው የኖረ ነው። በ1954 ዓ.ም. ማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም ዋናው አሳብ የመንግሥት ቅጥር በችሎታ እንዲሆን ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515ም፣ በ2010 ዓ.ም. እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1064ም፣ ክፍት የሥራ ቦታ የሚሰጠው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከሌሎች ጋር በመወዳደር ብልጫ ላገኘ ሰው መሆኑን ደንግገዋል። ሴት ተወዳዳሪ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ስታገኝ ቅድሚያ እንድትሰጣትም አዝዘዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው፣ የወሊድ ፈቃድም ከነሙሉ ደመወዙ መብታቸው እንደ ሆነ ይናገራል። እንግዲህ ልጃችንን «የወሊድ ፈቃድ ልትጠይቂን ነው» ያሏት ሰዎች ሕጉ የሰጣትን መብት እንደ ጥፋት ቆጠሩባት ማለት ነው።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ነገሩን በቁጥር መርምረውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ሽሚት እና ሃንተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የ85 ዓመት ጥናቶችን አሰባስበው አንድ ጽሑፍ አወጡ። በ2022ም ሳኬት እና ባልደረቦቹ ሒሳቡን እንደ ገና አስተካክለው ሠሩት። ልጃችን እንደ አስረዳችን፣ የሠራተኛውን የወደፊት ሥራ ፈጽሞ የማያመለክት መመዘኛ 0፣ ያለ ስሕተት የሚያመለክት 1 ቢባል፣ በኋለኛው ስሌት ለሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ በተወሰነ ነጥብ የሚታረም ቃለ መጠይቅ 0.42 ያገኛል፤ እንደ መጣ የሚጠየቅ ወሬ መሰል ቃለ መጠይቅ ግን 0.19 ብቻ ነው። ስለዚህ «የየት አገር ልጅ ነሽ? ባል አግብተሻል?» እያለ የሚመርጥ ኮሚቴ ተወዳዳሪውን ከመበደሉም በላይ ራሱን ይጎዳል፤ ጎበዙን መምህር ከሰነፉ ሊለይበት የሚችለውን መሣሪያ በገዛ እጁ ይጥላልና። የዚህንም ዕዳ የሚከፍሉት ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት በዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ተማሪዎች ናቸው። እነርሱም የእኛው ልጆች ናቸው።

አሁን ደግሞ ለየቤቱ የሚሆን ጥቂት ምክር እንጨምር።

በመጀመሪያ ከኮሚቴ ጠረጴዛ ኋላ ለምትቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች። የሚጠየቀውን ከመግባታችሁ በፊት ጻፉት፤ ለሁሉም ያንኑ ጠይቁ። እያንዳንዳችሁ ነጥባችሁን ሳትመካከሩ በየግላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ተነጋገሩ። ዘመዳችሁ ወይም ወዳጃችሁ ከተወዳደረ በዚያ ቀን ከጠረጴዛው ተነሡ። ተወዳዳሪውን «እርስዎ» በሉት። ሃያ ደቂቃ ካላችሁት ሃያ ደቂቃ ስጡት። የወደቀውንም ለምን እንደ ወደቀ ንገሩት፤ ሰው ስሕተቱን ካላወቀ አይታረምም።

ሁለተኛም ለምትወዳደሩ ወጣቶች። የተጠየቃችሁትን ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በዚያው ማታ በደብተራችሁ ጻፉት። ውጤታችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ቦታ ካለ በጨዋ ቃል አቅርቡ። ልጃችን ይህን ባለማድረጓ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች በአራት ደቂቃ የሰጡትን ፍርድ የዕድሜ ልክ ፍርድ አታድርጉት።

ሦስተኛም፣ ይህም ለእኛው ለወላጆች ነው። ልጅ ተበድሎ ሲመጣ ቶሎ «ሰው እንፈልግ» አንበል። ያ የምንፈልገው ሰው የሚያደርግልን ነገር፣ ትናንት በልጃችን ላይ የተደረገውን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ማድረግ ነው። ዘመድን መርዳት መልካም ነው፤ ለትምህርቱ ገንዘብ፣ ለመንገዱ ስንቅ፣ ለኀዘኑ ማጽናኛ መስጠት ይገባል። የሌላውን ወንበር አንሥቶ መስጠት ግን ከራሳችን ኪስ የማንከፍለው ቸርነት ነው።

ልጃችን ወደ ትምህርት ቤቷ ተመልሳ ማስተማሯን ቀጠለች። በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር ደግሞ በሌላ ኮሌጅ ተወዳደረች። በዚያም ማንንም አላወቅን፤ ማንንም አልፈለግን። ስትመለስ እኛ በር ላይ ቆመን ፊቷን እንመለከት ነበር። ፊቷ ብሩህ ስለ ነበረ «አለፍሽ?» አልናት።

«አላለፍሁም፤ በሁለት ነጥብ ተበለጥሁ» አለች።

ከዚያም ተቀምጣ ነገረችን። አምስት ሰዎች በሰዓቱ ተገኝተዋል፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቧል። ሃያውንም ደቂቃ አስተምራለች፤ ደጋንና ኮምቦልቻም በሰሌዳው ላይ ተሥለዋል። ከመካከላቸውም አንዲት መምህርት ከባድ ጥያቄ ጠይቃት ግማሹን መልሳ ግማሹን ሳትችለው ቀርታለች። በመጨረሻም ነጥቧን ከነዝርዝሩ አሳይተዋታል። «ያቺን ጥያቄ ያልመለስሁት እኔ ነኝ፤ የበለጠችኝም ልጅ መልሳታለች» አለች፤ ያን ማታም መጽሐፏን አውጥታ ያቃታትን ጥያቄ ስትሠራ አመሸች።

እኛም ያን ጊዜ አንድ ነገር ተረዳን። ልጃችን በመጀመሪያው ጊዜም ሥራውን አላገኘችም፤ በሁለተኛውም አላገኘችም። ከመጀመሪያው አንገቷን ደፍታ፣ ከሁለተኛው ግን ቀና ብላ ተመለሰች። በሁለተኛው ኮሌጅ አምስት ሰዎች ዕውቀቷን አይተው ልኩን ነግረዋታል። እንግዲህ ማን ያውቅሻል ብትባል የምትጠራው ስም አላት።

ማሩን የጠየቀን ሰው ካለ፣ ከኮምቦልቻ ይዘነው ከተመለስን በኋላ ለገና በዓል ከፈትነው። ከፊሉን ለሸኹ ቤት ላክን፤ የቀረውን ከልጃችን ጋር በላነው።